ካቶሊክ ለመሆን ያሰበ አዋቂ እንዴት ይዘጋጃል? ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ ትንሣኤ ሌሊት

«መቼ ነው የምጠመቀው?»

ካቶሊክ ለመሆን ያሰበ ሰው ወደ ቁምስና (የአካባቢው ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን) ሲመጣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው። አይፈረድበትም። ልቡ የቆረጠ ሰው ቀን መቁጠሩ አይቀርም። እኔ ግን የክርስትና አባት ሆኜ ከጎናቸው ከቆምኩላቸው ሰዎች አንድ ነገር ተምሬአለሁ። ቀኑን ትተው በየሳምንቱ ለመጣላቸው ነገር ልባቸውን የሰጡ ሰዎች ረጋ ብለው ይደርሳሉ። ከደረሱም በኋላ ይቆያሉ። ስለዚህ እስቲ መንገዱን ከመነሻው እንሂድበት።

መጀመሪያ፦ ከየት ነው የሚነሱት?

የሁሉም ሰው መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። ከመመዝገብዎ በፊት ራስዎን የት እንደሚያገኙት ይወቁ።

ጨርሶ ተጠምቀው የማያውቁ ከሆነ ሙሉውን መንገድ ይሄዳሉ። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን ሰው «ንዑሰ ክርስቲያን» ትለዋለች፤ ትንሽ ክርስቲያን፣ ገና በማደግ ላይ ያለ እንደ ማለት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ለእርስዎ ነው።

በሌላ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀው ከሆነ ዳግመኛ አይጠመቁም። በጸሎተ ሃይማኖት «በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» የምንለው እኮ ለዚህ ነው። ጥምቀቱ በውኃና «በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም» የተፈጸመ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ትቀበለዋለች። «በኢየሱስ ስም» ብቻ የተጠመቁ ከሆነ ግን ለካህኑ በግልጽ ይንገሯቸው፤ ጉዳዩ መጣራት አለበት። ጥምቀቱ በትክክል መፈጸሙ ተመርምሮም ጥርጣሬው ካልጠራ «ካልተጠመቅህ» በሚል ቅድመ ሁኔታ የሚፈጸም ጥምቀት አለ። ጥምቀትዎ ተቀባይነት ካገኘ ትምህርቱን እንደሚያስፈልግዎ መጠን ወስደው፣ ኑዛዜ ገብተው፣ የካቶሊክ እምነትን በጉባኤው ፊት ይመሰክራሉ። ከዚያ ምሥጢረ ሜሮንንና ቅዱስ ቁርባንን ይቀበላሉ። ለዚህ ደግሞ የግድ ትንሣኤን መጠበቅ አያስፈልግም።

ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሚመጡ ከሆነ ጥምቀትዎም ሜሮንዎም ሙሉ ነው። አንዱም አይደገምም። የሚጠበቅብዎ የእምነት ምስክርነት ነው። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ፤ በቤተ ክርስቲያን ሕግ መሠረት የሚቆጠሩት ከሥርዓትዎ ጋር በሚዛመደው የምሥራቅ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። የላቲን (የምዕራቡ ካቶሊክ ሥርዓት) ቁምስና ቅርብዎ ስለሆነ ብቻ የላቲን ሥርዓት አባል አይሆኑም። ይህንን ከመጀመሪያው ያንሱት።

በሕፃንነታቸው ካቶሊክ ሆነው ተጠምቀው ከዚያ በኋላ ምንም ያልተማሩም አሉ። እርስዎ ከእነዚህ አንዱ ከሆኑ እንግዳ አይደሉም፤ ቤትዎ ነው የመጡት። የጎደለውን ትምህርት፣ ኑዛዜ፣ ቁርባንና ሜሮን ያሟላሉ።

ወደ ቁምስናው መሄድ

ከመመዝገብ በፊት ለጥቂት እሑዶች ቅዳሴ ገብተው ይቀመጡ። ከኋላ ወንበር ላይም ቢሆን። መቼ እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚንበረከክ ባያውቁ ማንም አይታዘብዎትም። ቁርባን አይቀበሉ፤ ለእሱ ጊዜ አለው። ዝም ብለው ያዳምጡ።

ከዚያ ቆሞሱን (የቁምስናውን ኃላፊ ካህን) ወይም የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪውን ያነጋግሩ። «ካቶሊክ ስለመሆን ማወቅ እፈልጋለሁ» ማለት ብቻ ይበቃል። ይህን ማለት ፊርማ አይደለም። ሰውን አስገድዶ ወይም በጥቅም አታሎ ወደ እምነት ማስገባትን ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጣው የተልእኮ ሰነድ በግልጽ ከልክሏል። እስከ መጨረሻው ደቂቃ ድረስ «ቆይ፣ ገና ነኝ» ማለት መብትዎ ነው።

የጥምቀት ምስክር ወረቀት ካለዎት ይያዙ። ከሌለዎት በጥምቀቱ ላይ የነበረ ምስክር ይፈልጉ። ያገቡ ከሆነ የጋብቻ ማስረጃዎንም ያዘጋጁ።

የጋብቻን ነገር መጨረሻ ላይ አያስቀምጡት

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር። ብዙ እንባ ያየሁት በዚህ ጉዳይ ነው።

አንዲት ሴት አስታውሳለሁ። ወራት ሙሉ አንድም ትምህርት አላመለጣትም። ለትንሣኤ ሳምንታት ሲቀሩ ስለ ትዳሯ ተጠየቀች። ባሏ ከእሷ በፊት ሌላ ጋብቻ ነበረው፤ በፍርድ ቤት ተፋትቷል። በቤተ ክርስቲያን ዓይን ግን የመጀመሪያው ጋብቻ እንደጸና ይቆጠራል፤ ካልጸና ያንን የሚወስነው የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ነው። ያ የትንሣኤ ሌሊት እሷን ሳያካትት አለፈ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ማንም ቀድሞ አልጠየቃትም፤ እሷም ጉዳዩ መነሳት እንዳለበት አታውቅም ነበር።

ስለዚህ እርስዎ ወይም የትዳር ጓደኛዎ ከዚህ በፊት ሌላ ጋብቻ ከነበራችሁ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለካህኑ ይንገሯቸው። የቀድሞው ጋብቻ ከመነሻው የጸና ነበር ወይ የሚለው ይመረመራል። ማስረጃ ይሰበሰባል፤ ምስክር ይሰማል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2015 እ.ኤ.አ. አካሄዱን አቅልለውታል፤ ያም ሆኖ ጊዜ ይወስዳል። ሁለት ያልተጠመቁ ሰዎች የፈጸሙት ጋብቻን በተመለከተ ደግሞ የተለየ አካሄድ ሊኖር ይችላል። ሕጉን ለሚያውቅ ሰው ይተዉት፤ ከጎረቤት አይጠይቁ።

ጉዳዩ እስኪያልቅ መማር፣ መጸለይና ቅዳሴ መምጣት ይችላሉ። በሩ አልተዘጋም።

ተጋብተው የሚኖሩና ይህ ችግር የሌለባቸው ደግሞ አይጨነቁ። የትዳር ጓደኛዎ ካቶሊክ ካልሆነ የእርስዎ መጠመቅ ትዳሩን አያፈርሰውም። ግን ቤትዎ ውስጥ ይነጋገሩበት። ሰው ከቤቱ ተደብቆ የጀመረው ነገር ኋላ ይከብደዋል።

የጥያቄው ወቅት

የመጀመሪያው ወቅት ይፋዊ ሥርዓት የለውም። ሰው ይጠይቃል፣ ወንጌል ይሰማል፣ ክርስቲያኖች እንዴት እንደሚኖሩ ያያል። ሳምንታት ሊሆን ይችላል፤ ዓመትም ሊሆን ይችላል።

ምክሬ፦ የማርቆስን ወንጌል ያንብቡ። 16 ምዕራፍ ብቻ ነው። በአንድ ምሽት ያልቃል። ከዚያ እንደገና ቀስ ብለው ያንብቡት። ደብተር ይያዙና ያልገባዎትንና ያስቆጣዎትን ይጻፉ። ያስቆጣዎትን በተለይ። ስለ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሥልጣን፣ ስለ እመቤታችን፣ ስለ ቅዱሳን አማላጅነት፣ ስለ ኑዛዜ፣ የሚከነክንዎትን ሁሉ ያምጡት። አፍኖ የተቀመጠ ጥያቄ ከጥምቀት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

በሩ ላይ

ሲዘጋጁ የመጀመሪያው ይፋዊ ሥርዓት ይደረጋል፤ ወደ ንዑሰ ክርስቲያን ማኅበር መቀበል ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው። ካህኑ ይወጡና «ከእግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያን ምን ትፈልጋለህ?» ብለው ይጠይቃሉ። «እምነት።» «እምነት ምን ይሰጥሃል?» «የዘላለም ሕይወት።»

ከዚያ ግንባርዎ ላይ የመስቀል ምልክት ይደረጋል። በብዙ ቦታ በዚያ አያበቃም። ጆሮ፣ ዓይን፣ ከንፈር፣ ደረት፣ ትከሻ፣ እጅ፣ እግር ላይም ይደረጋል፤ የጌታን ድምፅ እንዲሰሙ፣ ክብሩን እንዲያዩ እየተባለ። አጃቢው፣ ማለትም በመንገዱ ከጎንዎ የሚቆመው ካቶሊክ፣ አጎንብሶ ጫማዎ ላይ መስቀል ሲያደርግ አብዛኛው ሰው ይደነግጣል። አንድ ጎልማሳ እግሩን ወደ ኋላ ሲስብ አይቻለሁ፤ «ቆሻሻ ነው» አለ በሹክሹክታ። አጃቢው አልሰማም ብሎ ምልክቱን አደረገበት። ያ ሰው እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ይህችን ቅጽበት ነው።

ከዚህ ቀን ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ቤተሰብ ነዎት። ይህ የአነጋገር ለዛ እንዳይመስልዎት፤ ሕጋዊ ትርጉም አለው። ንዑሰ ክርስቲያን ሳይጠመቅ ቢሞት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይቀበራል። ታሞ ለሞት የሚያሰጋ ነገር ከመጣ ደግሞ ሥርዓቱ ያጥራል፤ ካህን ካልተገኘ ቤተ ክርስቲያን የምታስበውን አስቦ ማንም ሰው በውኃና በሥላሴ ስም ሊያጠምቀው ይችላል።

የትምህርቱ ዘመን

ረጅሙ ወቅት ይህ ነው። ስንት ጊዜ? እንደ ሰውየውና እንደ ሀገረ ስብከቱ ደንብ ይለያያል። በብዙ ቦታ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል፤ ሥርዓቱ ግን ካስፈለገ ለበርካታ ዓመታት እንዲዘልቅ ይፈቅዳል። ጥንት በአንዳንድ ቦታ ሦስት ዓመት ነበር። አሁን ያለው ሥርዓት ራሱ የዚያ የጥንቱ መንገድ ትንሣኤ ነው፤ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 እ.ኤ.አ. እንዲታደስ አዘዘ፣ በ1972 እ.ኤ.አ. የሥርዓቱ መጽሐፍ ወጣ።

ቅዱስ አውግስጢኖስን ያስቡት። በሕፃንነቱ በመስቀል ምልክት ንዑሰ ክርስቲያን ሆኖ ነበር። የተጠመቀው ግን በ387 እ.ኤ.አ. በትንሣኤ ሌሊት፣ በሚላኖ፣ በቅዱስ አምብሮስዮስ እጅ ነው። 32 ዓመቱ ነበር። ዘግየሁ የሚል ሰው ሲያገኝ ብርታት የሚሰጥ ታሪክ ነው።

ምን ይማራሉ? «የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ» የተባለው መጽሐፍ አራት ክፍል አለው፤ የምናምነው (ጸሎተ ሃይማኖት)፣ የምናከብረው (ሰባቱ ምሥጢራት)፣ የምንኖረው (አሥርቱ ትእዛዛት) እና የምንጸልየው (አባታችን ሆይ)። መጽሐፉ ወፍራም ነው። ከዳር እስከ ዳር ላንብብ ብለው አይጀምሩ፤ የብዙ ሰው ወኔ መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ነው የሚያልቀው። በሳምንቱ የተማሩትን ርዕስ ፈልገው እሱን ብቻ ያንብቡ።

ግን ትምህርቱ ግማሹ ነው። የቫቲካኑ ጉባኤ ራሱ ይህ ወቅት ዶግማ ማስረዳት ብቻ ሳይሆን በመላው የክርስትና ሕይወት መሠልጠን ነው ብሏል። ሌላው ግማሽ በቤትዎና በሥራ ቦታዎ ይሠራል። እኔ ከጎናቸው የሆንኩላቸውን ሰዎች እንዲህ እላቸዋለሁ። ጠዋት ስልክ ከመነካቱ በፊት «አባታችን ሆይ» ይበሉ። ማታ ቀኑን መልሰው ያስቡት፤ የት አመሰገኑ፣ የት ሰው ጎዱ? እሑድን አያስቀሩ። የተጣሉት ሰው ካለ ስሙን ወረቀት ላይ ይጻፉና ቢያንስ ይጸልዩለት። በየወሩ አንድ ሰው ይጠይቁ፤ ታማሚ፣ ብቸኛ፣ የተቸገረ። እነዚህን ሳይጀምር ትምህርቱን ሁሉ በቃሉ የያዘ ሰው ገና አልተዘጋጀም ባይ ነኝ።

በእሑድ ቅዳሴ ላይ ደግሞ በብዙ ቁምስና ከስብከቱ በኋላ ንዑሳነ ክርስቲያን ተሸኝተው ይወጣሉ። በሌላ ክፍል ተቀምጠው በተነበበው ቃል ላይ ይወያያሉ። የመባረር ስሜት የሚሰማቸው አሉ። ይገባኛል። ግን ያ ከማዕድ በፊት መነሳት ረሃብ ይፈጥራል። አንድ ዓመት ሙሉ የተራበ ሰው የመጀመሪያውን ቁርባን ሲቀበል ፊቱን ማየት ነው።

የክርስትና አባትና እናት

የክርስትና አባት ወይም እናት ሲመርጡ ለዝምድና ወይም ለክብር ብለው አይምረጡ። ሕጉ የሚጠይቀው ግልጽ ነው፤ ካቶሊክ የሆነ፣ ሜሮንና ቁርባን የተቀበለ፣ በተለምዶ 16 ዓመት የሞላው፣ እንደ እምነቱ የሚኖር። ወላጅ አባትና እናት መሆን አይችሉም። አንድ ሰው ይበቃል፤ ሁለት ከሆኑ አንድ ወንድና አንድ ሴት። የሌላ ቤተ ክርስቲያን አባል የሆነ የሚወዱት ጓደኛ ካለ ከካቶሊኩ ጎን በምስክርነት ሊቆም ይችላል። ከእኔ የምጨምረው አንድ መለኪያ አለ፤ በእኩለ ሌሊት ጥርጣሬ ቢይዝዎ ሳያፍሩ የሚደውሉለት ሰው ይሁን።

ዐቢይ ጾም፦ የመጨረሻው ዝግጅት

በላቲን ሥርዓት በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ እሑድ ገደማ ጳጳሱ ወይም ወኪላቸው ባሉበት የመመረጥ ሥርዓት ይደረጋል። የክርስትና አባቶችና እናቶች ስለ እርስዎ ይጠየቃሉ። ቃሉን በታማኝነት ሰምቷል? መኖር ጀምሯል? ከዚያ ስምዎ የተመረጡት ስም በሚጻፍበት መጽሐፍ ይሰፍራል። ከዚህ በኋላ «የተመረጡ» ይባላሉ።

ጥናቱ አሁን ይቀንስና ጸሎቱ ይበዛል። በሦስተኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው እሑድ በጉባኤው ፊት ተንበርክከው ይጸለይልዎታል፤ በልብ ውስጥ ያለው ድካም እንዲገለጥና እንዲፈወስ፣ ያለው በጎ ነገር እንዲበረታ። ወንጌሎቹ ሦስት ናቸው፤ ከዮሐንስ ምዕራፍ 4 ሳምራዊቷ ሴት፣ ከምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ የተወለደው፣ ከምዕራፍ 11 አልዓዛር። ጥማት፣ ጨለማ፣ ሞት። እያንዳንዱን በሳምንቱ ውስጥ ደጋግመው ያንብቡና «እኔ ጋ የትኛው አለ?» ብለው ይጠይቁ። ጸሎተ ሃይማኖትና «አባታችን ሆይ» በይፋ የሚሰጥዎትም በእነዚህ ሳምንታት ነው። ጸሎተ ሃይማኖቱን በቃልዎ ይያዙ።

«ከመጠመቄ በፊት መናዘዝ አለብኝ?» ይባላል። የለብዎትም። ጥምቀት ከዚያ በፊት የነበረውን ኃጢአት ሁሉ ያስተሰርያል። የሚፈለገው እውነተኛ ጸጸት ነው። ቀድመው የተጠመቁ ግን ይናዘዛሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ አሥርቱን ትእዛዛት ከፊትዎ አድርገው ራስዎን ይመርምሩ። ታሪክ አያብዙ፤ የሌላ ሰው ስም አይጥሩ። ምን ማለት እንዳለብዎ ከጠፋዎት «አባ፣ የመጀመሪያዬ ነው፣ ይርዱኝ» ይበሉ። የሚሉትን ካህኑ ለማንም፣ በምንም ምክንያት መግለጥ አይችሉም።

ያች ሌሊት

ቅዳሜውን ሥራ አይያዙ። በጸሎትና በዝምታ፣ አቅም ከፈቀደም በጾም ይዋሉ። ቅያሪ ልብስና ፎጣ ማዘጋጀት ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ በመጥለቅ ከሆነ ይረጥባሉ፣ በማፍሰስም ቢሆን አንገትዎ ድረስ ይወርዳል።

ቤተ ክርስቲያኑ ጨለማ ነው። ደጅ ላይ እሳት ይነዳል። ከእሳቱ የትንሣኤው ሻማ ይለኮሳል፤ ዲያቆኑ ይዞት ሲገባ «የክርስቶስ ብርሃን» ይላል፣ ሦስት ጊዜ። ከአንዱ ሻማ ወደ ሌላው ብርሃኑ ይተላለፋል። ከዚያ ንባቡ ነው፤ ሙሉው ሲነበብ ዘጠኝ ነው፣ ከፍጥረት እስከ ባዶው መቃብር። የቀይ ባሕር መሻገር በምንም ምክንያት አይቀርም። እርስዎም ሊሻገሩ ነውና።

ስምዎ ይጠራል። የቅዱሳን ስም በዜማ እየተጠራ ወደ ውኃው ይቀርባሉ። ሰይጣንን፣ ሥራውንና ማታለያውን ይክዳሉ። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ማመንዎን ይጠየቃሉ። «አምናለሁ» ይበሉ፤ ድምፅዎ ቢንቀጠቀጥም ምንም አይደለም። ከዚያ ውኃው ነው፣ ሦስት ጊዜ። ነጭ ልብስ ይለብሳሉ። የክርስትና አባትዎ ከትንሣኤው ሻማ የለኮሰውን ሻማ ይሰጥዎታል። እዚያው ካህኑ ሜሮን ይቀቡዎታል። በዚያው ቅዳሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ይቆርባሉ። ከቁርባን በፊት ቢያንስ አንድ ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ መታቀብ እንዳለ አይርሱ፤ ውኃና መድኃኒት አይከለከልም።

ዘመድ ፎቶ ማንሳቱ አይቀርም። አንድ ሰው ብቻ ይመድቡና እርስዎ ካሜራ አይፈልጉ።

ከትንሣኤ በኋላ ያሉት 50 ቀናት

ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሳምንታዊው ትምህርት ያበቃል፣ የሚደውል ሰው ይቀንሳል፣ የደስታው ሙቀትም ይበርዳል። ቤተ ክርስቲያን ይህንን ስለምታውቅ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ያለውን ጊዜ የመንገዱ አራተኛ ወቅት አድርጋዋለች። አዲስ የተጠመቀው በግሪኩ «አዲስ ተክል» ይባላል፤ አዲስ ተክል ደግሞ ውኃ ይፈልጋል። በእነዚህ ሳምንታት በየእሑዱ ከጓደኞችዎ ጋር ይምጡ፤ በዚያች ሌሊት ያዩትንና የሰሙትን መልሳችሁ አውሩት። ሲጠመቁ ያልገባዎት ብዙ ነገር አሁን ነው የሚከፈተው።

በዚሁ ጊዜ በቁምስናው ውስጥ አንድ ሥራ ይያዙ። መዘምራን፣ ወንበር ማስተካከል፣ ሕሙማንን መጠየቅ፣ የሚችሉትን። ኑዛዜ የሚገቡበትን ቀንም ከአሁኑ ይወስኑ፤ ከጥምቀት በኋላ መውደቅ ሲመጣ «ለካ አልተለወጥኩም» ብለው ተስፋ እንዳይቆርጡ።

የተጠመቁበትን ቀን ደግሞ ጽፈው ያስቀምጡ። በዓመቱ አብረው የተጠመቁት ተሰብስበው እግዚአብሔርን እንዲያመሰግኑ ሥርዓቱ ራሱ ይመክራል። ያን ቀን ሻማዎን ከመሳቢያው አውጥተው ይዘው ይሂዱ።